ማዕቀፉ በረንዳ ላይ ነው

ደግሞስ ማዕቀፉን ሙሉውን ነው የምገነባው፣ ሌላ ሰው ገንብቶ የጠቀለለውን አውርጄ አልጭንም፣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው ቁራጭ አለፈ፣ ከዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባው፣ ቁጥሩ በወጥ ቤቱ መስኮት በኩል ይታየኛል፣ ላፕቶፑ በረንዳው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ ውጪው ከዜሮ በታች ሃያ ሰባት ነው፣ ማራገቢያው ጸጥ ብሏል፣ ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ጸጥ ሲል የመጀመሪያው ነው። ብልሃት ማለት ይሄ ነው። ትናንት ሳሎን ውስጥ ሳስጀምረው እንደ ወፍጮ ይጮህ ነበር፣ በጋለ ቁጥር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ በዚያ አካሄዱ ማክሰኞም አያልቅም፣ የክበባችን የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመድ ውድድር ግን ዛሬ ነው፣ ቅዳሜ፣ የዓሣው ሚዛን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በረዶ የሆነው ሐይቅ መሀል ይተከላል። ሌላ አገር ያለ ሰው ማቀዝቀዣ ይገዛ ነበር፣ እኛ የካያኒ ከተማ ሰዎች በሩን ከፍተን እናወጣዋለን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱን በበሩ ስንጥቅ አሳልፌ ካልሲ ጠቅጥቄበታለሁ፣ ብርድ እንዳይገባ። ሁሉም ታስቦበታል።

ማዕቀፍ ማለት እንግዲህ፣ ለሚስቴ ለቱሊኪ ሦስቴ አስረድቻታለሁ፣ ኮምፒውተር ላይ የምናያቸው መስኮቶች፣ የምንጫናቸው ቁልፎች፣ ሠንጠረዦቹ ሁሉ የሚቆሙበት አጥንት ነው። የኔ ፕሮግራም ሥጋው ነው። የአጥማጁን ስምና ዕድሜ ትጽፋለህ፣ የዓሣውን ክብደት ትጽፋለህ፣ አንዲት ቁልፍ ስትጫን ሁሉም በደረጃቸው ይሰለፋሉ፣ ሦስት መቶ መስመር፣ ንጹሕ ሥራ። አጥንቱ ግን የሰው ሥራ ነው፣ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት፣ እና ሥርዓት አልተማረም፣ ሁለት ሰዎች እኩል ሲይዙ ማንን እንደሚያስቀድም አያውቅም፣ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያኛውን። የክበባችን ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፣ ክብደት እኩል ከሆነ በዕድሜ የሚበልጠው ይቀድማል። ታዲያ የማዕቀፉን ምንጭ ኮድ ሙሉውን አወረድኩት፣ ሦስት ሳምንት ፈልጌ ሠንጠረዥ የሚደረድረውን ፋይል አገኘሁት፣ አንድ መስመር ጨመርኩበት። ታላቅ ይቅደም። ይኸው ነው። አሁን ያቺ መስመር ቦታዋን እንድትይዝ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ቁራጭ እንደ አዲስ መጋገር አለበት።

አባዬ፣ አለችኝ ሄይኒ፣ ልጄ ናት፣ ኦሉ ከተማ ኮምፒውተር ቤት ነው የምትሠራው፣ ያቺን መስመር እኮ በራስህ ፕሮግራም ውስጥ ብታስገባት ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ስህተቱ የኔ አይደለም አልኳት፣ ስህተቱ ያለው ከሥር ነው። ትየባ ሰማሁ። ሄይኒ ስልክ ላይ ሳለች ሁሌም ሌላ ሥራ ትሠራለች። እሺ ማዕቀፉ ውስጥ ያለውን ብራውዘር፣ የኢንተርኔት ማሰሻውን እንኳ አውጣው፣ አለች፣ ግማሹን ጊዜ የሚበላው እሱ ነው፣ ለዓሣ ዝርዝር ብራውዘር ምን ይሠራል። አላወጣሁትም። የሙዚቃ ማጫወቻውን፣ ካርታውን፣ የሚሽከረከረውን ሥዕል፣ አንዱንም አላወጣሁም፣ ሰው ቤት ሲሠራ ክፍል አያጎድልም፣ ክበቡ ነገ ዓሣው እንዲሽከረከር ሊፈልግ ይችላል፣ ያኔ ማን ይወቀሳል።

ስድስት ሺህ ሦስት መቶ።

ነገሩ ግን የዓሣ ብቻ አይደለም፣ የቱሊኪ ነገር አለበት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሚዛኑ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ውጤት የጻፈችው እሷ ናት፣ ሚስቴ፣ በእርሳስ፣ በደብተር። በጥር ወሩ ጉባኤ ተነሥቼ ዘመኑ ተለውጧል አልኩ፣ የተከበረው ጉባኤ ሥራውን ለቴክኖሎጂ እንዲያስረክብ፣ ወይዘሮ ቱሊኪም በክብር እንድትሰናበት ሐሳብ አቀርባለሁ አልኩ፣ እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ሊቀ መንበራችን ሬይዮ ወደሷ ዞረ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ ቱሊኪ። እጇን አወጣች፣ የኔን ሐሳብ ደግፋ፣ ከሁሉም ቀድማ፣ ሬይዮ ገና ድምፅ ስጡ ሳይል። ያ ክንድ እንዴት እንደተነሣ አልረሳውም። ውስጧ እየደማ። እንዲህ ዓይነት ኩራት ያላት ሴት ናት። ስለዚህ ዛሬ ማሽኑ እምቢ ካለ ደብተሩ ይመለሳል፣ እኔም ሚስቱን ከወንበሯ አንሥቶ ወንበሩን ባዶ ያስቀረ ሰውዬ ሆኜ እቀራለሁ፣ ክበቡ ትንሽ ነው፣ ወሬው ትልቅ ነው። እምቢ ግን አይልም።

ይኸው ታፏጫለች፣ ኀዘኑን በፉጨት የሚሸፍን ሰው አለ። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ዘርግታ የበረዶ መሰርሰሪያዋን ስለት በዘይት ትወለውላለች፣ መስከረም ላይ ነው የገዛችው፣ ከጉባኤው በፊት፣ ለምን እንደገዛችው አልጠየቅኳትም፣ ሰው አንዳንዴ ዕቃ ይገዛል። የዓሣ ማጥመጃ ትሎቿን በትንሽ ጣሳ አድርጋ ደረት ኪሷ ከተተቻቸው፣ እንዳይበርዳቸው። አንተ ሽማግሌ፣ ያ ነገርህ ደረሰ ወይ፣ ትላለች። ስድስት ሺህ አራት መቶ፣ እላታለሁ። ከስንት። ከዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ። ምንድነው የሚቆጥረው። ቁራጭ ነው። የምን ቁራጭ። የማዕቀፉ ነዋ። አሃ፣ ትላለች፣ አሃ ስትል የገባት ትመስላለች። ስማ፣ ለአጥማጆቹ የሚቀርበውን ሾርባ በየሩብ ሰዓቱ አማስለው፣ አተሩ ሥር እንዳይዝ፣ ክዳኑን እንዳትገጥመው ይገነፍላል፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሬይዮ በመኪና መጥቶ አንተንም ድስቱንም ይጭናችኋል፣ ድስቱን ግን ከፊት አድርጉት። ትቀልዳለች፣ እንባዋን ውጣ። ትከሻዋን ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፣ እሷ ቦት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ አለች፣ እጄ አየር ላይ ቀረ፣ ቱሊኪ፣ አልኳት ወደ ጀርባዋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀላል አይደለም፣ ዛሬ ከከበደሽ መጥተሽ ሚዛኑ አጠገብ መቆም ትችያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም። ቀና አለች፣ አየችኝ፣ ቆየት አድርጋ። ለምን እቆማለሁ፣ የምሰረስረው በረዶ እያለ፣ አለች። በሩ ተዘጋ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወርድ ሰማኋት፣ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከኀዘን የሚሸሽ ሰው እንዲህ ነው የሚሮጠው።

ሰባት ሺህ መቶ አራት። አማሰልኩ። ሠላሳ ሊትር የአተር ሾርባ ሲያማስሉት ክንድ ይፈልጋል፣ እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው፣ በመዳፌ ጠረግ አድርጌ ቁጥሩን አየዋለሁ፣ ሰባት ሺህ መቶ ዘጠና። ቢጫ ጽሑፍ እየወረደ ነው፣ ማስጠንቀቂያ፣ ማስጠንቀቂያ፣ አሁንም ማስጠንቀቂያ፣ ሺህ ሊሞላ ነው። ማስጠንቀቂያ ስህተት አይደለም፣ የጻፈው ሰው ስጉ ነበር ማለት ነው። ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ የግፊት መለኪያ ስጠግን የኖርኩት ሃያ ስምንት ዓመት ነው፣ ቢጫዋ መብራት ሃያ ስምንቱንም ዓመት ትበራ ነበር፣ ፋብሪካው የተዘጋው በሌላ ምክንያት ነው። ሰባት ሺህ ስድስት መቶ። አማሰልኩ። ሬይዮ ምን ይላል እነዚያ ሰዎች ሁሉ ቆመው ሲያዩት፣ ቁልፏን ስጫን፣ ሠንጠረዡ ራሱን ሲደረድር፣ ታላቅ ቀድሞ ታናሽ ተከትሎ፣ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን ያካል፣ ሬይዮ ግንባሩን ካከከ ትልቅ ነገር ነው።

ስምንት ሺህ ሠላሳ አንድ።

ስምንት ሺህ ሠላሳ አንድ።

ቆመ። ቀይ ጽሑፍ። ፋራ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፣ እኔ ማማሰያውን በእርጋታ አስቀመጥኩ፣ መሬት ወደቀ፣ ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ፣ ብርዱ አፍንጫዬን ከውስጥ ያዘው፣ ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው፣ አነበብኩ፣ ሜሞሪ አልቋል ይላል፣ አራት ቁራጭ በአንዴ ሲጋግር አልበቃውም፣ የትኛው ቁራጭ ነው፣ የብራውዘሩ። ለሄይኒ አልነግራትም። በሁለት በሁለት አድርገው አልኩት፣ አንዲት ቁጥር ለውጬ ተጫንኩ፣ ከቆመበት ቀጠለ፣ ስምንት ሺህ ሠላሳ ሁለት፣ ይኸው፣ የሚያውቅ እጅ ሲነካው። ወደ ወጥ ቤት ስመለስ መነጽሬ ወዲያው ነጭ ሆነ፣ ምንም አይታየኝም፣ ሁሌም ነው፣ ከብርድ እንፋሎት ውስጥ ስትገባ ያለ ነገር ነው፣ አወለቅኩ፣ ውኃ ሲያንጠባጥብ በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ማማሰያውን በዳበሳ ፈለግኩ።

ሬይዮ ደወለ፣ ከበረዶው ላይ። ሃምሳ ስምንት ሰው ነው የተመዘገበው፣ አለ፣ ንፋስ የለም፣ እንዴት ነህ። እየገነባሁ ነው። ይሠራል ወይስ ደብተሩን ልያዝ። ደብተር ከያዝክ አልመጣም። እሺ በቃ፣ ሾርባውስ። ሾርባው ደኅና ነው። ዋናው እሱ ነው፣ አለ። እነዚህ ናቸው እንግዲህ፣ ለእነዚህ ነው የምለፋው። ቱሊኪስ፣ አልኩት ሳይዘጋው። ሐይቁ ላይ ካለችው ደሴት ማዶ ናት፣ ርቃ ሄዳለች፣ ብቻዋን፣ አለ፣ አንዴ እጇን ስታወዛውዝ አይቻታለሁ። ብቻዋን። ሰው ፊት መቆም ከብዷት ነው። ዛሬ ማታ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ፣ ስሟን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ከታች በኩል፣ በትንሽ ፊደል፣ ለረጅም ዘመን አገልግሎቷ።

ዘጠኝ ሺህ። ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ። አማሰልኩ፣ ሥር ትንሽ ይዟል፣ ሳልፍቀው ከላይ ከላዩ አማስላለሁ። ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ። ጊዜው ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው፣ አልተቀመጥኩም፣ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ፣ ስልሳ አንድ፣ በመስኮቱ በኩል እየቆጠርኩለት ነው፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ዘጠኝ።

ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ከዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ።

አለቀ ማለት እኮ አለቀ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ ካፖርት ሳልደርብ ፕሮግራሜን ከፈትኩት፣ ተከፈተ፣ መስኮቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ሁለት የሌሉ ሰዎች ጻፍኩ፣ አንዱን የሰባ ዓመት፣ አንዱን የአርባ፣ ለሁለቱም ሁለት ሺህ ግራም ሰጠኋቸው፣ ተጫንኩ፣ ባለ ሰባው ላይ፣ ባለ አርባው ታች። ደገምኩት፣ ባለ ሰባው ላይ። የአርባ ዓመቱን ቀድሜ ብጽፈውም ባለ ሰባው ላይ። አንድ ዓለም በሙሉ የሚጠቀምበት አጥንት፣ እዚህ፣ በዚህ በርጩማ ላይ፣ ታላቅን አወቀ። ዓይኔ ውኃ አዘለ፣ ብርዱ ነው፣ ብርዱም ነው። ሄይኒ አይደለችም ትክክለኛዋ፣ ሁለት ደቂቃ አይደለም ትክክለኛው፣ እኔ ነኝ።

ምስኪን። እጄን ጀርባው ላይ ሳሳርፍ እንደ ብረት በረዶ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ብርድ ውስጥ ሲለፋልኝ የዋለ ማሽን ነው፣ ሰው ቢሆን ሆስፒታል ይገባ ነበር። ይሙቀው። አስገባሁት፣ ወጥ ቤት፣ ምድጃው ጎን፣ ድስቱ አጠገብ፣ እንፋሎቱ በደንብ እንዲያገኘው የላፕቶፑን ክዳን ከፍቼ ወደ ድስቱ አዞርኩት። ወዲያው ነጭ ፀጉር አበቀለ፣ ውርጭ፣ ቁልፎቹ ላይ፣ ስክሪኑ ላይ፣ ከዚያ ፀጉሩ ቀለጠ፣ ጠብታ ጠብታ ሆነ፣ በቁልፎቹ መሀል ወረደ። ላብ ነው፣ የለፋ ነገር ያልበዋል። በወጥ ቤት ፎጣ አበስኩት፣ እንደገና አላበው፣ እንደገና አበስኩት፣ ክዳኑን ገጥሜ ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሱፍ ሹራብ ጠቀለልኩት፣ ሬይዮ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ።

ያ ልጅ ነው ወይስ ማሽን፣ ይላል ሬይዮ ሹራቡን እያየ። ማሽን ነው። ድስቱን ያዝ እንግዲህ፣ ይላል። ከፊት አደረግነው።

ሐይቁ ነጭ ነው፣ ሰማዩም ነጭ ነው፣ ሰዎቹ የዓሣ ከረጢታቸውን እየጎተቱ ከየቀዳዳቸው እየመጡ ነው፣ ስምንት ሰዓት፣ ጠረጴዛው ተተክሏል፣ ሚዛኑ ተሰቅሏል፣ ሃምሳ ስምንት ሰው ተሰልፏል፣ የሾርባው ሽታ ሁሉንም ገና ሳይመዘንላቸው አጽናንቷቸዋል። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ሹራቡን ፈታሁ፣ ቀስ ብዬ፣ ሁሉም እያየ ነው፣ የተከበራችሁ የክበቡ አባላት፣ አልኩ፣ ክዳኑ አልከፈት አለኝ፣ ጠርዙ ተጣብቋል፣ ቀጭን በረዶ ነው፣ በጥፍሬ ፈቀቅ አደረግኩት፣ ጠጭ አለ፣ ተከፈተ። ማብሪያውን ተጫንኩ።

እያሰበ ነው።

ድጋሚ ተጫንኩ። ከውስጡ ትንሽ ድምፅ መጣ፣ መስታወት ላይ እንደሚነጥር ነገር፣ ማራገቢያው አንድ ጊዜ ሊዞር ሞክሮ ተወው። ቁልፎቹ ላይ ያለው ጠብታ በረዶ ሆኗል፣ በየፊደሉ መሀል፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በሥርዓት ተደርድሮ። ረጅም ጊዜ ተጫንኩ። መነጽሬ። አወለቅኩት፣ አየሁት፣ ደረቅ ነው። መልሼ አደረግኩት። ሾርባው። እንፋሎቱ። እኔ ነኝ እኮ ወደ ድስቱ ያዞርኩት።

አውሊስ፣ አለ ሬይዮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በረዶ ላይ ድምፅ ዝቅ ብሎ ሩቅ ይሄዳል፣ ሰው ሁሉ ሰማ። ከካፖርቱ ውስጥ ደብተር አወጣ፣ እርሳስ አወጣ። አልይዝም አልክ እኮ። አላልኩም፣ ልያዝ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት፣ ይዤ ነበር የጠየቅኩህ፣ በል ጻፍ።

ጻፍኩ። ምን አደርጋለሁ። ስም፣ ክብደት። ስም፣ ክብደት። ሺህ ሁለት መቶ ሰባ። ስምንት መቶ አርባ። ጓንት አድርገህ እርሳስ አይያዝም፣ ጓንት ሳታደርግ ጣት አይታዘዝም፣ ማንም አልሳቀም፣ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር፣ ሁለት ሺህ መቶ፣ ሁለት ሺህ መቶ አሥር፣ ይሄን ከላይ ልጻፈው ወይስ ከታች፣ ቦታ የለም፣ ቀስት ሠራሁ፣ ቀስቱ ሌላ ቀስት ላይ ወጣ። ገመድ የመሰለ ነገር ሆነ። ፋብሪካው ውስጥ ቁጥር ጽፌ አውቃለሁ፣ ቁጥር ለኔ አዲስ አይደለም፣ ግን ሰዎች እንደ ግፊት መለኪያ አንድ ቦታ አይቆሙም፣ ይናገራሉ፣ ትንሿ ዓሣ አልተመዘነችም ይላሉ፣ ከረጢቱ ረጥቧል ቀንስለት ይላሉ። ሃያ ሦስተኛ ሰው። ሃያ አራተኛ። እግሬ ጠፋኝ፣ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ብርዱ ከሥር ነው የሚመጣው፣ ይሄን ማን ነገረኝ።

ሃያ አምስተኛዋ ቱሊኪ ናት። የከረጢቱን አፍ በሁለት እጇ ይዛዋለች፣ ጉንጯ ቀልቷል፣ ኮፍያዋ ወደ ኋላ ሸሽቶ ፀጉሯ ላይ ውርጭ አለ፣ እንዲህ ሆና ያየኋት መቼ ነው። ሬይዮ ከረጢቱን ሰቀለው፣ ሚዛኑን አየ፣ ጎንበስ ብሎ ድጋሚ አየ፣ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ ግንባሩን አከከ። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አምስት፣ አለ። ከኋላ ያለው ሰልፍ ወዲህ ተጠጋ። ቱሊኪ፣ አልኳት ቀስ ብዬ፣ ደብተሩን ወደሷ ገፋሁት፣ ማሽኑ ለጊዜው ትንሽ፣ በቃ አንቺ ነይ ተቀመጪ፣ ቦታሽ ነው፣ ለጉባኤው እኔ አስረዳለሁ፣ ማንም ምንም አይልሽም።

ደብተሩን በአንድ ጣቷ መለሰችው።

አውሊስ፣ አለች፣ ያንን ወንበር የሚፈልግ ሰው እስኪመጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነው የጠበቅኩት።

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈለግኩ፣ የለም። ጉዳት ፈለግኩ፣ ከጥር ጀምሮ ስጠነቀቅለት የቆየሁት ጉዳት አንድ ቦታ መኖር አለበት፣ የለም። ትሎቹ ገና ግማሽ ናቸው፣ ትላለች፣ ክብደቴን ጻፍ፣ ከኋላዬ ሰው አለ፣ ሰባትህን ደግሞ አስተካክል፣ አንድ ይመስላል።

አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ አምስት። ጻፍኩ። ከሁሉም በላይ፣ ቀስት አላስፈለገውም፣ ከላይ በኩል ባዶ መስመር ነበር። ሄደች፣ የቦት ጫማዋ ድምፅ በጀርባዬ በኩል ራቀ፣ ልዞር አልቻልኩም፣ ወንበሩ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚተከለው፣ ንፋሱን ለመሸሽ፣ ከዚህ የሚታየው ጉልበት ነው፣ የሰው ጉልበትና እርጥብ ከረጢት፣ ሐይቁ አይታይም፣ ደሴቲቱ አትታይም፣ ቀዳዳዎቹ አይታዩም፣ እሷ ሠላሳ አንድ የካቲት እዚህ። ማዕቀፉ ግን ተሠርቷል። ይሄን ማንም አይነጥቀኝም፣ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ ቁራጭ እዚህ ሹራብ ላይ አለ፣ ታላቅን ያውቃል፣ ሲደርቅ ይነሣል፣ በመጪው ዓመት ከምድጃው በሌላ በኩል፣ በመጪው ዓመት ማን እዚህ፣

አውሊስ፣ ይላል ሬይዮ፣ ሰው ቆሟል።

ስም፣ እላለሁ። ሰባቷን አስተካክዬ፣ አንድ እንዳትመስል አንገቷን ሰበርኳት። ክብደት።

ቀጥል።